ቺካጎ የታለበ ወተት

ጃንጎ የሚባለውን የዌብ ፍሬምወርክ የት አገር እንዳላችሁ ካልነገራችሁት ቺካጎ ናችሁ ብሎ ነው የሚያስበው። ቀልድ አይደለም፤ ኮዱ ውስጥ ተጽፎ የተቀመጠ ነገር ነው። ጃንጎ በፈረንጆች 2003 በካንሳስ ግዛት፣ ሎረንስ በምትባል ከተማ፣ አንድ የአካባቢ ጋዜጣ ቤት ውስጥ ተጀመረ። አድሪያን ሆሎቫቲ እና ሳይመን ዊሊሰን የሚባሉ ሁለት ፕሮግራመሮች የጋዜጣውን ድረ ገጾች በጥድፊያ ሲሠሩ፣ በየጊዜው የሚደጋገመውን ሥራ አንድ ቦታ ሰበሰቡት። በ2005 ለሕዝብ ሲለቀቅ በጊታር ተጫዋቹ በጃንጎ ራይንሃርት ስም ተጠራ። ሎረንስ ሰዓቷን ከቺካጎ ጋር ትጋራለች። ስለዚህ የሰዓት ክልል የሚለው ማስተካከያ ሳይሞላ ከቀረ ቦታውን የሚይዘው ቺካጎ ሆነ። ዛሬ አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍቱ የሚሰጣችሁ የሴቲንግስ ፋይል ዩቲሲ የሚል መስመር ይዞ ይመጣል። መስመሩን ካጠፋችሁት ግን ከሥር የሚጠብቃችሁ ያው ቺካጎ ነው።

እኔ ይህንን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከወተት ነው።

ከአሰላ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ከጭላሎ ሥር፣ ወተት እየሰበሰበ ለከተማ የሚያቀርብ አነስተኛ ማህበር አለ። አባላቱ አንድ ወይም ሁለት ላም ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ሴቶች። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ጀሪካን ይዘው ይመጣሉ። ወተቱ ይለካል፣ ውሃ እንዳልገባበት ይታያል፣ ይመዘገባል። ማታ ወደ 11 ሰዓት አካባቢ እንደገና። ወሩ ሲያልቅ ሂሳብ ይዘጋል፣ ብር ይከፈላል።

መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ያስገባው አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር። ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ሲሄድ ፕሮግራሙን እኔ ተረከብኩ። በተረከብኩ በሁለተኛው ሳምንት የማህበሩ ሂሳብ ያዥ ጠሩኝ። እትዬ ነው የምንላቸው፤ ዕድሜያቸው ከእናቴ ይበልጣል። ኮምፒውተሩ ከገባም በኋላ የወረቀት ደብተራቸውን አልተዉም ነበር። ደብተሩን ስክሪኑ አጠገብ ዘርግተው፣

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ጠዋት አይወድም እንዴ?» አሉኝ።

«እንዴት እትዬ?»

«የማታውን ወተት በቀኑ ይጽፋል። የጠዋቱን ግን ሁልጊዜ ትናንት ነው የመጣው ይላል።»

እውነታቸውን ነበር። ሴቲንግስ ፋይሉን ስከፍተው የሰዓት ክልል የሚለው መስመር የለም። ልጁ ፋይሉን ሲያጸዳ «አያስፈልግም» ብሎ አጥፍቶት መሆን አለበት፤ ሲያዩት ምንም የማይሠራ ይመስላል። በእኛ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ቺካጎ ውስጥ ገና ትናንት ማታ ነው፤ እንደ ወቅቱ በእኛ አቆጣጠር ማታ 3 ሰዓት ተኩል ወይም 4 ሰዓት ተኩል። የማታው ወተት ግን እዚያም ነግቶ ስለሚደርስ በቀኑ ይቀመጣል። ለዚህ ነው ጠዋቱ ብቻ ወደ ኋላ የሚንሸራተተው።

አንድ ቀን ወደ ኋላ ቢሄድ ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። ወር ውስጥ ሲሆን ምንም። ወሩ ሲገናኝ ግን ሌላ ነው። የጥቅምት ሂሳብ ጥቅምት 30 ማታ ይዘጋል። የኅዳር 1 ጠዋት ወተት «ጥቅምት 30» ተብሎ ይመዘገባል። ጥቅምት ተከፍሎ አልቋል፤ የኅዳር ሂሳብ ሲሠራ ደግሞ ያ ወተት ኅዳር ውስጥ የለም። በየወሩ አንድ ጠዋት ከሁለቱም ውጪ ይቀራል። ጠዋት ጠዋት 6 ሊትር የምታመጣ ሴት በ12 ወር 72 ሊትር ሳይከፈላት ይቀራል ማለት ነው። ማንም አልሰረቃትም። ማንም አላወቀም። ኤረር የሚል ቀይ ጽሑፍ እንኳ አልወጣም።

ደግነቱ ሰዓቱ ዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጠው በዩቲሲ ስለነበር ዳታው ራሱ አልተበላሸም። «አፍሪካ፣ አዲስ አበባ» የሚል አንድ መስመር ስንጽፍ ጠዋቶቹ ሁሉ ወደየቀናቸው ተመለሱ። ያልተከፈለውን ከእትዬ ደብተር ጋር እያመሳከርን አወጣን። (ለጨዋታ ያህል፦ ዓለም በሚጠቀምበት የሰዓት ክልሎች ዝርዝር ውስጥ «አዲስ አበባ» ዛሬ የናይሮቢ ሌላ ስም ሆና ነው የተመዘገበችው። ሰዓታችን አንድ ስለሆነ ለወተቱ ግድ የለውም።)

*

ፍሬምወርክ ማለት ግድግዳና ጣሪያው ቆሞ የሚሰጣችሁ ቤት ነው። መግቢያው፣ ዳታቤዙ፣ ፎርሙ፣ አስተዳዳሪው የሚሠራበት ገጽ፣ ሁሉም አለ። የጎደላችሁን ደግሞ ሌሎች ሰዎች ጽፈው በነፃ ያስቀመጡላችሁ ተጨማሪ ላይብረሪዎች ይሞሉታል። አንዷን ታወርዳላችሁ፣ ሴቲንግስ ፋይሉ ውስጥ «የተጫኑ አፖች» ከሚለው ዝርዝር ስሟን ትጨምራላችሁ፣ አለቀ። ቢያንስ ዩትዩብ ላይ እንደዚያ ነው።

አላለቀም። እያንዳንዷ ላይብረሪ የራሷን ማስተካከያዎች ይዛ ትመጣለች፤ ለእያንዳንዱ ማስተካከያ ደግሞ ዲፎልት አለው፤ እናንተ ዝም ስትሉ እሷ የምትመልሰው መልስ። ዲፎልት ከሰማይ የወረደ አይደለም። አንድ ሰው አንድ ቦታ ተቀምጦ «ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚፈልገው» ብሎ የገመተው ነው። «ብዙ ሰው» ሲል ዓይኑ ላይ የመጡት ሰዎች ከጭላሎ ሥር ወተት የሚያመጡት ሴቶች እንዳልሆኑ ግልጽ ነው። በዚህ አልፈርድበትም፤ እኔም ላይብረሪ ብጽፍ መጀመሪያ የሚታየኝ አሰላ ነው። ግን እሱ ያላሰበውን እኔ ካላሰብኩለት፣ ማንም ሳያስብበት ይቀራል።

ስልክ ቁጥርን እንውሰድ። አባላቱ ኢሜይል የላቸውም፤ ስልክ አላቸው። ለጃንጎ የስልክ ቁጥር የሚያጣራ የታወቀ ላይብረሪ አለ፣ እኛም ጨመርነው። ይህ ላይብረሪ የየት አገር ቁጥር እንደሆነ ካልነገራችሁት እንደ +251 ባለ የአገር ኮድ የማይጀምርን ቁጥር አይቀበልም። አሰላ ውስጥ ስልኩን +251 ብሎ የሚነግራችሁ ሰው ፈልጉ እስቲ። ሁሉም 09 ብሎ ነው የሚጀምረው። «ዲፎልት ክልል» በሚለው ማስተካከያ ላይ የኢትዮጵያን ሁለት ፊደል መጻፍ ብቻ ነው የሚጠበቀው። ያ ካልተጻፈ ግን መዝጋቢዋ ትክክለኛ ቁጥር አስገብታ «ስህተት» የሚል ምላሽ ታገኛለች፤ ሁለቴ ትሞክራለች፣ ሦስተኛ ላይ ሳጥኑን ባዶ ትተዋለች። ከዚያ ስለ ክፍያ መልእክት የማይደርሳቸው ሰዎች ይኖራሉ። በኋላ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ «ስልክ የላቸውም» የሚል ሪፖርት ያገኛል።

*

ቋንቋው ላይ ስደርስ ነገሩ ከበደ።

አርሲ ውስጥ የሥራ ቋንቋው ኦሮምኛ ነው፤ አሰላ ከተማ ውስጥ ደግሞ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ተሻግሮ ይመለሳል። ጃንጎ ራሱ ይዞት የሚመጣ የቋንቋዎች ዝርዝር አለው። እኔ በምሠራበት ቅጂ ዝርዝሩ ውስጥ ስዋሂሊ አለ፤ አማርኛም ኦሮምኛም የሉም። ሁለቱንም በእጅ አስገባናቸው፤ ስማቸውን፣ ኮዳቸውን፣ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚጻፉ ጭምር።

ዳታቤዝ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ በሁለት ቋንቋ ለማስቀመጥ አንድ የትርጉም ላይብረሪ ጨመርን። ይህቺ ላይብረሪ ቦታ ታውቃለች፤ በተጫኑ አፖች ዝርዝር ውስጥ ከአስተዳዳሪው ገጽ በፊት ካልተጻፈች በአግባቡ አትሠራም። ጃንጎ ውስጥ ብዙ ነገር እንዲህ ነው፤ ሁለት አፖች በአንድ ስም የሚጠራ ገጽ ካላቸው ዝርዝሩ ላይ ቀድሞ የተጻፈው ያሸንፋል። ይህ የቴክኒክ ወግ ነው፣ ይለመዳል። ያልተለመደው ቀጥሎ የመጣው ነው፦ ከቋንቋዎቹም ዝርዝር መጀመሪያ የተጻፈው ዋና ይሆናል። በሁለተኛው ቋንቋ ትርጉም ከሌለ የሚታየው የመጀመሪያው ነው።

ማን ይቅደም?

ይህንን ጥያቄ ላፕቶፔ ፊት ለብቻዬ ተቀምጬ ልመልሰው እችል ነበር። ሁለት ፊደል ማስቀደም ነው፣ ማንም አያየውም። ግን የማያየው ሰው ነው ነገ ገጹን ከፍቶ «እኔ የት ነኝ?» የሚለው። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ ማህበሩ ስብሰባ ወሰድኩት። ኮድ አላሳየኋቸውም፤ «አንዱ ጽሑፍ ሳይተረጎም ሲቀር በየትኛው ቋንቋ ይታያችሁ?» ነው ያልኳቸው። ጭቅጭቅ ጠብቄ ነበር። አንዲት እናት በኦሮምኛ አጭር ነገር ተናገሩ፦ ደረሰኙ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት በሚማሩበት ቋንቋ ይሁን፤ የሚያነብላቸው ልጃቸው ነውና። ኦሮምኛው ቀደመ። በአማርኛ መቀጠል የሚፈልግ በራሱ ገጽ ላይ ይመርጣል። 10 ደቂቃም አልፈጀም። ለብቻዬ ብወስነው ኖሮ ምናልባት እዚያው እደርስ ነበር፤ ግን ውሳኔው የእነሱ አይሆንም ነበር።

*

የዘመን አቆጣጠሩን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሁሉም ሰው ቀላል ስለሚመስለው ነው። «ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ የሚቀይር ላይብረሪ ሞልቷል፣ አንዱን ጫን» ይሏችኋል። መቀየሩ እውነትም ቀላል ነው። ክሮምንና ፋየርፎክስን የመሳሰሉ ብሮውዘሮች ራሳቸው፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ላይብረሪ፣ ቀንን በእኛ አቆጣጠር ማሳየት ይችላሉ። ካልጠየቃችኋቸው ግን አያደርጉትም፤ ብሮውዘሮቹ በሚመሩበት የዓለም ቋንቋዎችና አገሮች ዳታ ውስጥ ለኢትዮጵያ የተሰጠው ቀዳሚ አቆጣጠር የፈረንጁ ነው፤ የእኛው ሁለተኛ ተቀምጧል።

ችግሩ ያለው ቀኑን የምታስቀምጡበት ቦታ ላይ ነው። የእኛን ቀን እንዳለ ወስዳችሁ የፓይተን ቀን ውስጥ ብትጨምሩት፣ 13ኛ ወር ስትሉት «ወር ከ1 እስከ 12 ነው» ብሎ ይቆማል። ጥቅምት 2ኛ ወር ስለሆነ ጥቅምት 30ን እንደ ፌብሩዋሪ 30 ያነበውና እንዲህ ያለ ቀን የለም ይላል። ሲጮህ እንኳ ደግ ነው። የሚያስፈራው ኅዳር 12ን በሰላም ተቀብሎ ማርች 12 አድርጎ ሲያስቀምጠው ነው። ስለዚህ የያዝነው ሕግ ይህ ነው፦ ውስጥ የሚቀመጠው ሁልጊዜ የፈረንጁ፤ ሰው የሚያየውና ሰው የሚጽፈው ሁልጊዜ የእኛው፤ መቀየሩ በር ላይ ብቻ። የወር ድምር ስንሠራ ደግሞ ጃንጎ በራሱ በወር እንዲሰበስብ አንተውለትም። እሱ የሚያውቀው ወር ኦክቶበርና ኖቬምበር ነው፤ የእኛን ጥቅምት ለሁለት ይሰነጥቀዋል።

ጳጉሜን ምን እናድርግ? ከነሐሴ ጋር ይከፈል ወይስ ለብቻው? ይህንን የሚመልስ ላይብረሪ የለም። እትዬን ጠየቅኳቸው። «ለብቻው ነው እንጂ! እንቁጣጣሽን በምን ልናከብር ነው?» አሉኝ፣ የዓለም ግልጽ ነገር እንደሆነ አድርገው። ስለዚህ የእኛ ፕሮግራም ውስጥ በዓመት 13 ክፍያ አለ፤ አንዱ የ5 ቀን፣ አንዳንድ ዓመት የ6።

ይህ የመንደር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው፣ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተወለደው ሥርዓት፣ የዘመን አቆጣጠርን እንደ አንድ ማስተካከያ አስቀምጦታል፤ የኢትዮጵያው ከምርጫዎቹ አንዱ ነው። አንድ ሰው አስቦበት በሩን ከፍቶ ትቶታል ማለት ነው። አቆጣጠሩ ያልተነገረለት ዓመት ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት ከአርሲ አንድ ቁጥር ልስጣችሁ፦ 1967።

በፈረንጆች 1967 በስዊድን ድጋፍ ካዱ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት አሰላ ላይ ተቋቋመ። በእኛ 1967፣ የካቲት 25 ቀን፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ወጣ። አቆጣጠር የማይጠይቅ ፕሮግራም ሁለቱን አንድ ዓመት ላይ ያስቀምጣቸዋል። በመካከላቸው ያለው ሰባት ዓመት ተኩል ገደማ ነው፤ አርሲ ውስጥ ብዙ ነገር የሆነውም በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ነው።

ካዱ ወደ አርሲ ያመጣው ነገር ስሙ ራሱ «ፓኬጅ» ነበር፤ ዛሬ እኛ ላይብረሪ ስናወርድ የምንጠራው ስም። የተሻሻለ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር፣ የእርሻ ምክር፣ ከውጭ ዝርያ ጋር የተዳቀለ ላም፣ የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ፤ ሁሉም አንድ ላይ ታስሮ። ሠርቷል። ምርት ጨመረ። ዛሬ ጠዋት ጠዋት የምንመዘግበው ወተት ከዚያ ዘመን ከጀመረው የላም ማዳቀል ጋር ዝምድና አለው። ፓኬጁ ግን አብሮት የመጣ ግምት ነበረው፦ ምርቱ ሲጨምር የሚጠቀመው የሚያርሰው ሰው ነው የሚል። አርሲ ውስጥ ግን ብዙ የሚያርስ ሰው ጭሰኛ ነበር፤ መሬቱ የሌላ ነው። እርሻው ትርፍ ሲያመጣና ትራክተር ሲገባ አንዳንድ ባለመሬቶች ጭሰኞቻቸውን አስነስተው ራሳቸው ማረስ ጀመሩ። ለደሃው ገበሬ ተብሎ የመጣ ነገር ደሃውን ገበሬ ከመሬቱ አፈናቀለ። ዘሩ መጥፎ ስለነበረ አይደለም። «መሬቱ የማን ነው?» የሚለው መስመር ሳይሞላ ስለቀረ ዲፎልቱ ሠራ፤ ዲፎልቱ ደግሞ የባለመሬቱ ነበር።

ወተት መዝገብን ከመሬት ጥያቄ ጋር ላመሳስል አልፈልግም፤ አንዱ 72 ሊትር ነው፣ ሌላው የሰው ኑሮ። ግን አካሄዱ አንድ ነው። ከሩቅ የመጣ ጥሩ ነገር፣ ያልተጠየቀ ጥያቄ፣ ባዶውን የሚሞላ ዝምታ። ሂሳቡን የሚከፍለው ደግሞ ፓኬጁን የመረጠው ሰው አይደለም።

*

አንዳንዱ ሰው መፍትሔው ከውጭ የመጣ ላይብረሪ አለመጠቀም ነው ይላል። ይህንን ሐሳብ አክብሬ አዳምጬዋለሁ፤ ምክንያትም አለው። በፈረንጆች መጋቢት 2016 ሌፍት ፓድ የምትባል የ11 መስመር የጃቫስክሪፕት ኮድ ጸሐፊዋ ከማከማቻው ሲያነሳት፣ በዓለም ዙሪያ ስንት ትልልቅ ፕሮጀክቶች መገንባት አቅቷቸው ቆመዋል። ወደ ቤታችን ስንመጣ ደግሞ፣ በሰኔ 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። ላይብረሪዎቹን ሁልጊዜ ከኢንተርኔት የሚጎትት ፕሮጀክት በእነዚያ ሳምንታት አዲስ ኮምፒውተር ላይ አይጫንም። ላም ግን ኢንተርኔት ጠፋ ብላ አትነጥፍም።

እኛ ያደረግነው ይህንን ነው፦ የምንጠቀምባቸውን ላይብረሪዎች በሙሉ፣ ከነትክክለኛ ቅጂ ቁጥራቸው፣ አንድ ፍላሽ ላይ አወረድናቸው። ኮምፒውተሩ ቢበላሽ ያለ ኢንተርኔት ከፍላሹ ይጫናል። ፍላሹ እትዬ ዘንድ፣ ከደብተሩ ጋር፣ ቁልፍ ባለው መሳቢያ ውስጥ ነው።

ቅጂን መቆለፍም ግን የራሱ ዋጋ አለው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 መግቢያ ላይ ሥራ ሲጀምር በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች መጡ። የስልክ ላይብረሪው የድሮ ቅጂ በ7 የሚጀምር የኢትዮጵያ ሞባይል አያውቅም። ቅጂውን ቆልፎ የረሳ ሰው አገሪቱንም አብሮ ቆልፏል ማለት ነው፤ አዲስ ሲም ያወጣች ልጅ ስልክ እንደሌላት ትቆጠራለች። ስለዚህ ፍላሹ በዓመት አንዴ ይታደሳል። መቼ? በጳጉሜ፣ ሂሳቡ አጭር በሆነበት ሳምንት።

ሌላም ልማድ ይዘናል። ሴቲንግስ ፋይላችን ውስጥ ከእያንዳንዱ ማስተካከያ በላይ አንድ መስመር ማብራሪያ አለ፣ በሰው ቋንቋ። «ይህ መስመር ከጠፋ የጠዋት ወተት ወደ ትናንት ይሄዳል።» «ኦሮምኛ የቀደመው ማህበሩ በስብሰባ ስለወሰነ ነው፤ ለመቀየር ስብሰባ ይጠራ።» «ጳጉሜ ለብቻው ይከፈላል፤ ከነሐሴ ጋር አትደምሩት።» ኮምፒውተሩ እነዚህን አያነባቸውም፣ ዘሎ ያልፋቸዋል። የተጻፉት ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ልጅ ነው፤ ፋይሉን ከፍቶ «ይሄ መስመር ምን ይሠራል?» ብሎ ጣቱን ማጥፊያው ላይ ለሚያደርገው።

እስከዚያው እትዬ ደብተራቸውን አልተዉም። ኮምፒውተሩ ከተስተካከለ በኋላ «አሁንስ ይበቃዎታል፣ ለምን ሁለት ጊዜ ይደክማሉ?» ብሎ የመከራቸው ሰው ነበር። ሲጽፉ ቀና አላሉም። እኔ ከዚያ በኋላ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወር ሲዘጋ ከደብተሩ ጋር የሚመሳከር ዝርዝር የሚያትም ቁልፍ። እሳቸው በእስክሪብቶ ምልክት እያደረጉበት ይወርዳሉ፣ እኔ አጠገባቸው ሻይ እጠጣለሁ። ቁጥሩ እኩል ሲሆን ይፈርማሉ፤ ክፍያው ከዚያ በኋላ ነው የሚለቀቀው።